የራሳቸውን ሠንጠረዥ ያስፈተሹት አባ ድገመው

«ጋሼ፣ የሚቆጠረው ዕቃ የት ነው ያለው?» ብሎ ነበር የሰፈራችን ባለሱቅ የጠየቃቸው። አባ ድገመው በሱቁ በር ላይ «በቁጥር ሥራ የሚተማመን ሰው እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው ስለነበር፣ ሥራ የፈታ ወንድሙን ይዞላቸው መምጣቱ ነው።

«ዕቃ አይደለም፤ ምሁራን ናቸው» አሉት።

«ስንት ናቸው?»

«ብዛታቸውን ሳይሆን አሠራራቸውን ነው የምናጠናው።»

«እሱንማ ራሳቸውን ቢጠይቋቸው አይቀልም?»

«ጠይቀናቸው ነበር። ሁሉም ደህና ነን አሉ።»

ዛሬ በክብር የምንሸኛቸው እኚህ ጎረቤታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው የተጣመመ ስፌት ካዩ ሌሊትም ቢሆን የሠርግ ልብስ ይሁን የሥራ ሳይሉ የሚተረትሩ ሴት ነበሩ፤ ልጃቸውም እርሳቸውን ወጡ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1965 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በስታቲስቲክስ እስከ ዶክትሬት ዘለቁ፤ በዚያው መምህር ሆኑ። ተማሪ ስሌቱን ይዞ ሲመጣ ገና ሳያዩት «ድገመው» ስለሚሉ «አባ ድገመው» የሚለው ስም ወጣላቸው። በ1978 ዓ.ም. ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ አፍርተዋል። ሦስተኛው ሲወለድ «ይኼስ አይደገምም» ያሉት ባለቤታቸው ናቸው።

ትልቁ ሥራቸው የተጀመረው በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ማን ስሕተቱን ያርማል፣ ማን ይደብቃል፣ የማን ውጤት ሲደገም ይጸናል የሚለውን የምርምር ባህል በቁጥር የሚያጠና ክፍል እንዲያደራጁና ሰው እንዲቀጥሩ ዩኒቨርሲቲው ለሙከራ ፈቀደላቸው። ክፍሉ ሁለት ወንበርና መሳቢያው የማይዘጋ አንድ ጠረጴዛ ነበረው። ለሥራ ለሚያመለክት ሁሉ ራሳቸው ያሳተሙትን አንድ ጥናት ከነጥሬ መረጃው እየሰጡ «አስልተህ አሳየኝ» ይሉ ነበር። ሁለተኛው ሠንጠረዥ ላይ እርሳቸው የሚያውቋት ትንሽ ስሕተት ነበረች። አሥራ አንድ ሰው የጸሐፊውን ስም እያየ «ግሩም ጥናት ነው» አለ፤ አንዱንም አልቀጠሩም። አሥራ ሁለተኛዋ፣ ከኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የመጣች ሴት፣ በሁለተኛው ቀን ተመለሰች።

«ሁለተኛው ሠንጠረዥ ላይ ያለችው ቀላል ናት ጋሼ» አለቻቸው። «አራተኛው ላይ ግን መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ገብተዋል። እነሱ ሲወጡ መደምደሚያው ይወድቃል።»

ይህችኛዋን አያውቋትም ነበር። ጥናቱ ደግሞ ፕሮፌሰርነት ያገኙበት ነው። በራቸውን ዘግተው እስከ ማታ ደገሙት፤ ሴትየዋ ልክ ነበረች።

የድሮ የክፍል ጓደኛቸው የሆኑት ዲን «ክፍልህ በሴኔት እስኪጸድቅ ሁለት ወር ዝም በል። ምን ያጣድፍሃል?» ብለው ለመኗቸው።

«የሰው ገመና የሚያጠና እየቀጠርኩ የራሴን ልሸፍን?» አሉና በማግሥቱ ጥናቱን ላሳተመው መጽሔት ጽፈው አሰረዙት። ሴትየዋንም ቀጠሯት።

ሴኔቱ የክፍሉን መጽደቅ ሦስት ዓመት አዘገየው። በኮሪደር ሰላምታ የነፈጓቸው ጥቂት አልነበሩም፤ እርሳቸውም፣ ባይናገሩት እንጂ፣ ከስተው ከረሙ። ከዚያ ግን አንድ አንድ እያለ ሰው ስሕተቱን በፋይል ይዞ በራቸውን ማንኳኳት ጀመረ። ጡረታ ሲወጡ ክፍሉ አሥራ ዘጠኝ ተመራማሪዎች ነበሩት። ዛሬ የምትመራው ያችው ሴት ናት።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ፈጣሪ ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን፤ የእርሳቸውም መዝገብ ሲገለጥ ጥፋታቸውን ቀድመው ከተናገሩት ጋር ይቁጠራቸው።

ከማረፋቸው አራት ቀን በፊት ዲኑ ሊጠይቋቸው መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ሊያጽናኗቸውም፣ «አይዞህ፣ ያንን የሠንጠረዥ ጉድ ዛሬ የሚያስታውስ አንድ ሰው የለም» አሏቸው።

አባ ድገመው የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፋቸው ዝቅ አደረጉና፣ «እንግዲያው የቀጠርነው ሰው አንሷል» አሉ።