ስሙን ያልጠየቅሁት በሽተኛ

ታኅሣሥ 7፣ 2011፣ እሁድ

ክሊኒኩ ዛሬ ገበያ መስሎ ዋለ። ነሲም ሰፈር ውስጥ ያልተከተበ ልጅ ሁሉ ተጠራርቶ የመጣ ነው የሚመስለው። አንዱ ነከሰኝ። እውነት ነከሰኝ፣ ጥርሱ እጄ ላይ ታትሞ ቀርቷል። እናቱ ይቅርታ ልትለኝ አፏን ስትከፍት ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ።

ማክሰኞ የተግባር ፈተና አለ። መርፌ መውጋት! ከሰዓት በኋላ ሸሪፋ ደወለች። የክፍላችን ትንሿ፣ እዚሁ ሪያድ ያደገች የኛው ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ድምጿ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። «እትዬ ታንጉት፣ አንቺ ምን አለብሽ፣ ለኛ ጸልዪልን!» እትዬዋን ብትተወው ጥሩ ነበር... ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እትዬ ያስብላል? ግን እውነቷን ነው። ምን አለብኝ? ከደብረ ታቦር ጤና ጣቢያ ጀምሬ አሥራ ስድስት ዓመት ሰው ስወጋ የኖርኩ ነኝ። ከሥራ በኋላ ኮሌጅ የምመላለሰው ዲፕሎማዬን ዲግሪ ላደርግ እንጂ መርፌ ልማር አይደለም።

አላጠናሁም። ምስር ቀቅዬ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

አለቀ። ቀልድ ነበር!

አልጋ ላይ የፕላስቲክ ሰውዬ አስተኝተዋል። ፒጃማ ሳይቀር አልብሰውታል። ሱዳናዊቷ መምህራችን ዶክተር ሐሊማ ጥግ ላይ ቆማ ታያለች። እጄን ታጠብኩ፣ መድኃኒቱን ሳብኩ፣ ቦታውን ለካሁ፣ ጠቅ። ስወጣ ልጆቹ በር ላይ «እንዴ! ጨረስሽ?» አሉኝ። ከመውጣቴ በፊት ዶክተሯን ቀና ብዬ አይቻት ነበር። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር... አድናቆት መሰለኝ።

ለኪዳን ነገርኩት። «እኛም ጋ አንድ እንዳንቺ ፈጣን አለ፣ ብሎን ረስቶ ነው የሚወርድ» አለኝ። ባሌ አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነው፣ ለሱ ዓለም ሁሉ ብሎን ናት። ቀናተኛ።

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ

ዲ።

እዚያው ቀን፣ ትንሽ ቆይቼ

ደግሜ አየሁት። ዲ ነው። ስልኬን አጥፍቼ አበራሁት። ዲ። የሌላ ሰው ይሆን? አይደለም፣ ስሜ እስከነአያቴ ተጽፏል።

ሸሪፋ ኤ።

በሌላው ትምህርት ሁሉ ደህና ነኝ። መርፌ ላይ ዲ! በዚህ ትምህርት ከሲ በታች ያመጣ ደግሞ ሆስፒታል ለልምምድ አይወጣም። ጥር ላይ ድጋሚ ፈተና አለ። እሱንም ከወደቅሁ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ልጆቹ ሲያልፉኝ ማየት ነው።

ይሄ ለማን ይነገራል? ክሊኒክ ቢሰሙ... ለገና የሚመጡት እንግዶች ቢሰሙ... «ነርሷ መርፌ ወደቀች»! ስጽፈው ራሴም ሳቄ መጣ። ቅድም ግን አልቅሻለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ። ኪዳን ከውጭ «ሴትዮ፣ ውሃው አለቀ እኮ!» ይላል።

ታኅሣሥ 19፣ አርብ

እረፍት። ኪዳን ለገና ብሎ ከባጥሐ ገበያ በርበሬና ኮረሪማ ይዞ መጣ። ቤቱ ሸተተ።

ምሳ ላይ ኢዮብ ጀመረኝ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ ግን የመርማሪ። «ማሚ፣ ውጤት አልወጣም እንዴ?»

«አልወጣም።»

«የሸሪፋ ግን ወጥቷል። ስታተሷ ላይ ለጥፋዋለች።»

አይ ሸሪፋ... ምን ልበል? አወጣሁት። «ዲ ነው ያመጣሁ።»

«በምን?»

«በመርፌ።»

ኪዳን ጎርሶ ነበር፣ ትን አለው። ኢዮብ ጀርባውን ሊመታለት ተነስቶ እሱም በሳቅ ተንፈራፈረ። ተናድጄ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ እኔንም ያዘኝ። ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን... እንዴት ቀለል እንዳለኝ! ምን አስቤ ነው ብቻዬን የተሸከምኩት?

ሳቁ ሲወጣለት ኪዳን «ለምን እንደሆነ ጠይቀሻታል?» አለኝ።

«ምን እጠይቃታለሁ? ጠልታኝ ነው።»

«ታንጉት፣ እኔ አውሮፕላን አልነሳ ሲለኝ ጠልቶኝ ነው አልልም። ከፍቼ ነው የማየው።»

ብሎኑን ይተወኝ እቴ። ግን... ከፍቼ ልየው ይሆን?

ታኅሣሥ 23፣ ማክሰኞ

የዛሬውን ካልጻፍኩት አይሆንም።

ዶክተር ሐሊማ ጋ ሄድኩ። በኮሌጁ ባስ ውስጥ የምናገረውን ሸምድጃለሁ። «ዶክተር፣ እኔ አሥራ ስድስት ዓመት...» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቢሮዋ በር ላይ ጠበቅኳት። መኪናዋን ራሷ እየነዳች መጣች። እዚህ አገር ለሴት መንዳት ከተፈቀደ ገና ስድስት ወሩ ስለሆነ ቁልፉን እንደ መቁጠሪያ ከእጇ አትለየውም።

«ዶክተር፣ እኔ አሥራ ስድስት ዓመት...»

እጇን አንስታ አስቆመችኝ። «ነይ።»

ወደ ልምምድ ክፍሉ ወሰደችኝ። የፕላስቲኩን ሰውዬ ብብቱን ይዛ አነሳችው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ላይ ተኛች! እሷ ራሷ! በሙሉ ዶክተርነቷ!

«ያላ፣ የፈተናው ቀን ያደረግሽውን አድርጊ። መውጋቱ ብቻ ይቅርብኝ።»

ምን አደርጋለሁ? እጄን ታጠብኩ። መርፌውን ያዝኩ። መጣሁ።

«ቁሚ። አሁን ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

«አንዲት ሴት መጣች። ማን እንደሆነች አልነገረችኝም። እኔ ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። የያዘችው መድኃኒት ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የማይስማማኝ ቢሆንም ግድ የላትም። መጋረጃ አልሳበችም። ዝም ብላ መጥታ ልብሴን ልትገልጥ ነው። ታንጉት፣ ፈራሁሽ።»

«ያኛው ግን ፕላስቲክ ነበር እኮ ዶክተር!»

«ክሊኒክስ? እዚያ ታናግሪያቸዋለሽ?»

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። የትናንቱ ሰኞ ዓይኔ ላይ መጣ። በር ላይ ቆሜ ስም እጠራለሁ፣ አንዷ ትነሳለች፣ ክንድ፣ ጥጥ፣ ቀጥሎ። ክንድ፣ ጥጥ፣ ቀጥሎ። የአንዷንስ ፊት አስታውሳለሁ? የአንዷንም። ደብረ ታቦር እንዲህ ነበርኩ? አልነበርኩም። እዚያ ሽማግሌዎቹ መርፌውን ሳላነሳ ስለ በሬያቸው አውርተውኝ፣ መርቀውኝ ነበር የሚወጉት። መቼ ነው የተውኩት? ማንም ተይ ሳይለኝ...

ፊቴን አይታ መሰለኝ ለዘብ አለች። ጫማዋን እያጠለቀች «እጅሽ ወርቅ ነው» አለችኝ። «ዲውን የሰጠሁት ለእጅሽ አይደለም።»

ልወጣ ስል ደግሞ ጠራችኝ። «አንድ ነገር። እገሊት ነሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂ። የፈራ ሰው ለሁሉም አዎ ነው የሚለው። ስምሽ ማነው በያት፣ ከራሷ አፍ ይውጣ።»

የሸመደድኩትን ንግግር ሳልናገረው ቀረሁ። ጥሩ ንግግር ነበር።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ፣ ገና

እዚህ የሥራ ቀን ነው። ኪዳን ፈረቃ ለውጦ ዶሮውን ራሱ ሠራ። ጨው በዛበት፣ አልነገርነውም።

ሸሪፋ የተምር ኬክ ይዛ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች። ከምሳ በኋላ ቤቱ ሆስፒታል ሆነ። ኪዳን ሶፋ ላይ በሽተኛ፣ ኢዮብ ፈታኝ። ፊሽካ አንጠልጥሏል! ከየት እንዳመጣው እንጃ።

«ታንጉት እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ። ስምዎ ማነው?»

«ግርማዊ ኪዳን።»

«የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?»

«የሚስቴ ቁጣ።»

ፊሽካ! «ማሚ፣ እጅ አልታጠብሽም! ዜሮ!» እንዴት ደስ እንዳለው ይሄ ልጅ። ስንት ዓመት የቋጠረውን በአንድ ቀን ተወጣብኝ።

ሸሪፋ ቃሉን አንድ በአንድ አስያዘችኝ፣ ምንም አትረሳም። ከዚያ ወጥ ቤት ገባንና ብርቱካን ሰጥቼ ውጊ አልኳት። እጇ ይንቀጠቀጣል! «እትዬ፣ ኤ ያመጣሁት ሰውዬው ፕላስቲክ ስለሆነ ነው። ሰው ሲሆን መውጋት እፈራለሁ።» በዚህች ልጅ ነው እንዴ ስቀና የከረምኩት? እጇን በእጄ ይዤ አስተማርኳት። እሷ አፌን፣ እኔ እጇን። ብርቱካኑ ወንፊት ሆነ። ኢዮብ በላው።

ጥር 2፣ ሐሙስ

ዛሬ ለጥቂት ተረፍኩ...

ጠዋት ነው። ወረፋው እስከ ውጭ በር። ከሐኪሙ ክፍል ትእዛዝ መጣልኝ፣ ማርያ ለምትባል ፔኒሲሊን። በር ላይ ወጥቼ «ማርያ!» አልኩ። አንዲት መዳም ስልክ እያወራች አጠገቧ ላለችው ሠራተኛዋ በእጇ «ሂጂ» አለቻት። ልጅቱ ተነሳች። አባያዋ ረዝሞባት መሬት ይጠርጋል።

ዝም ብዬ ልወጋት ነበር። ሰው በዝቷል፣ ማርያ ብያለሁ፣ ተነስታለች፣ ምን ቀረኝ? ግን ሰሞኑን ቤት ውስጥ ያንኑ ስለፈልፍ ከርሜ አፌ ቀደመኝ። በአረብኛ «ስምሽ ማነው?»

«አይዋ።»

«አዎ አይደለም፣ ስምሽን ነው?»

«አይዋ።»

መርፌውን አየችውና ከከንፈሯ ሥር «ወይኔ እናቴ» አለች።

በአማርኛ!

«እህቴ፣ ስምሽ ማነው?»

ዓይኗ ፈጠጠ። አገሯን ያየች መሰላት። «ሚስኪ።»

ሚስኪ። ማርያ አይደለችም።

«ሚስኪ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«ጥርሴን። እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ ሳምንት ሆነኝ። ይሄ መርፌ የጥርስ ነው?»

መርፌውን አስቀመጥኩ። እኔም ተቀመጥኩ። ማርያዋ ሌላ ናት፣ ጥግ ላይ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏት አልሰማችኝም። ይቺ ልጅ ፔኒሲሊን የማይስማማት ብትሆንስ ኖሮ? ሚስኪን አልጠየቅኳትም። ማወቅም አልፈለግሁ። በዚህ አሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሚስኪ...? ተይው ታንጉት። ዛሬን ያዢ።

እጇን ይዤ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት፣ እስኪነቅልላት ቆሜ አስተረጎምኩ። ለመዳሟ ስነግራት ደንግጣ አፏን ያዘች። «እኔስ በምን ልወቅ? እኔም ስጠይቃት አይዋ ነው የምትለኝ!» እውነቷን ነው መሰለኝ። ሲወጡ ለልጅቱ ጭማቂ ገዛችላት። ሚስኪ ጥጥ ነክሳ፣ ጉንጯ እንደ ዳቦ አብጦ፣ ከበሩ ላይ ዞራ ሳቀችልኝ።

ከዚያ ማርያን ቀስቅሼ ስሟን ጠየቅኳት። ሁለቴ።

ጥር 6፣ ሰኞ

ድጋሚ ፈተና። ከዚያ ሁሉ ሰው እኔና ሌሎች ሁለት ወዳቂዎች ብቻ። ያው ሰውዬ፣ ያው ፒጃማ። ዶክተር ሐሊማ ያው ጥግ።

እንደምን ዋሉ አልኩት። ስሙን ጠየቅሁት፣ ስለማይመልስ ራሴ መለስኩለት። መጋረጃ ሳብኩ። ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ እግርዎን ዘና ያድርጉ አልኩት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ልጆችዎ ደህና ናቸው ወይ አልኩት። ዶክተሯ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ... ሳቅ ነው? ሳቅ ይሁን እንጂ።

ጥር 9፣ ሐሙስ

ቢ!

ኤ ያልሆነው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። አሁን መጠየቅ ለምጃለሁ። «በጣም አወራሽ፣ ሰዓቱ አለፈ» አለችኝ። ኪዳን ይሄን ሲሰማ ሁለተኛ ትን አለው። «አሥራ አራት ዓመት የማውቀውን ነው የነገረችሽ!»

ሸሪፋ ስታተሷ ላይ የኔን ለጠፈችው። «እትዬ ታንጉት ቢ አመጡ»። አመጡ! ኸላስ፣ በቃ፣ እርጅናዬ ታወጀ።

ጥር 27፣ ሰኞ

የመጀመሪያው የሆስፒታል ቀን። ነጭ ካፖርት፣ ደረቴ ላይ «ተማሪ» የሚል ባጅ። ጠዋት መስታወት ፊት ሳደርገው ትንሽ ሰቀጠጠኝ፣ ከዚያ ቀና አድርጌ ለጠፍኩት።

ስድስት ሆነን አንድ አልጋ ከበብን። ሸሪፋ ከኋላዬ ተሸጉጣለች፣ ካፖርቴን ይዛ። አልጋው ላይ ነጭ ጺማም ሳዑዲ ሽማግሌ። አንድ ጊዜ እኛን፣ አንድ ጊዜ መርፌውን ያያሉ። እንደፈሩ ያስታውቃሉ፣ ግን እንዳይታወቅባቸው አገጫቸውን ቀና አድርገዋል።

«ማን ይጀምራል?» አለች ዶክተር ሐሊማ።

ልጆቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። እጄን ታጥቤ ቀረብኩ። መጋረጃውን ሳብኩ። ድሮ ቢሆን ምን እል እንደነበር አውቃለሁ። አይዞዎት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ እላቸው ነበር። ወይ ደግሞ ምንም አልልም ነበር።

«ታንጉት እባላለሁ፣ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የእርስዎስ ስም ማነው?»

«ሳልሕ።» ባጄን አዩት፣ ፊቴን አዩት፣ ጸጉሬ ጋ ብቅ ያለችውንም ሽበት አዩዋት። «ተማሪ? በዚህ ዕድሜሽ?»

«አዎ አባቴ። ገና ተማሪ ነኝ።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰበሰቡና ክንዳቸውን ሰጡኝ።

«ቢስሚላህ። እንግዲያው ቀስ ብለሽ ተማሪብኝ።»

ቀስ ብዬ ተማርኩባቸው።