አዲሱ ኮምፒዩተር ማንበብ ያቃተው ጽሑፍ

ሙሉዬ፣ ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እኔና ልጆቹ ደህና ነን። ትንሿ ልጅህ በቁመት እኔን አልፋለች። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለውን የጽሕፈት ሱቃችንን ከፋሲካ በኋላ መልሼ ከፍቻለሁ።

የምነግርህ ስለ ኮምፒዩተርህ ነው። ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ በአራተኛው ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ስላላመንሁት አዲስ ገዛሁና ፋይሎቹን በፍላሽ አዛወርሁ። መብራት እየሄደ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከሁሉ የሳሳሁት ለቀብር የጻፍኻቸው የሕይወት ታሪኮች ላሉበት ፎልደር ነበር። ሲያልቅ አሮጌውን ዳባት ላለ ጠጋኝ ለመለዋወጫ ልሰጠው ተስማማሁ።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ሴት ከበየዳ በአውቶቡስ መጣች። እሑድ የአባቷ የሰባት ዓመት ተዝካር ነው። በቀብሩ ላይ የተነበበውን ወረቀት፣ ጣሪያው አፍስሶ፣ ዝናብ አበላሽቶታል። ሙሉጌታ ዘንድ አይጠፋም ብላ ነው የመጣችው። ማረፍህን አልሰማችም ነበርና ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔው አጽናናኋት።

የአባቷን ፋይል ስከፍተው ውስጡ አማርኛ አልነበረም። የእንግሊዝኛ ፊደልና የማላውቀው ምልክት ተደባልቆ ገጹን ሞልቶታል። ሌላም ከፈትሁ፤ ያው ነው። ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆማ፣ አባቴ ፈረንጅ ሆነው አረፉ እንዴ አለችኝ። ያን ሁሉ ሰው የጣልሁት መሰለኝ።

ያን ጊዜ ክርክራችን ትዝ አለኝ። የከተማው ጸሐፊ ሁሉ ወደ አዲሱ የአማርኛ መጻፊያ ሲዞር አንተ እምቢ አልህ። ጣቶቼ ይህን ለምደዋል፣ በስተርጅና ፊደል ልቁጠር ወይ ትለኝ ነበር። ለካ ጽሑፉን ብቻ ቀድቼ፣ የጻፍህበትን ፊደል፣ ፎንት የሚሉትን፣ አሮጌው ኮምፒዩተር ውስጥ ትቼው ኖሯል። ጠጋኙ ገና አልወሰደውም። በስድስተኛው ሙከራ ተነሣልኝ። ፊደሉን ቀድቼ አዲሱ ላይ ጫንሁትና ፋይሉን እንደገና ከፈትሁ።

መጣ፣ ሙሉዬ። እያንዳንዱ ቃል መጣ።

ጮክ ብዬ አነበብሁላት። አባቷ ሊማሊሞን በበቅሎ ስንት ዘመን እንደወጡና እንደወረዱ ጽፈሃል። በግ ሲገዙ ጥርሱን ሦስት ጊዜ ሳያዩ እንደማይከፍሉም ጽፈሃል። እዚህ ላይ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች፤ አራት ጊዜ ነው አለችኝ። ሌላው ጸሐፊ ለሁሉም ደግና ሩኅሩኅ ነበሩ ይላል። አንተ ግን ያ ሰው ብቻ የሚያደርገውን አንድ ነገር ሳትሰማ መጻፍ አትጀምርም ነበር። ሁለት ቅጂ አትሜላት በከሰዓቱ አውቶቡስ ተመለሰች። ዛሬ ሁሉንም አንድ በአንድ እያየሁ ነው፤ እስካሁን የጠፋ የለም።

ያንተን የሕይወት ታሪክ ወንድምህ በእጁ ጽፎ ነው ያነበበው። የተወለድህበትና የተማርህበት ሁሉ አለበት፤ አንተ ግን የለህበትም። እኔ ያን ቀን ምንም መጻፍ አልቻልሁም ነበር። አሁን ጀምሬዋለሁ። ሐዘንተኛ መናገር ሲያቅተው ኪቦርዱን ወዲያ ገፍተህ፣ ሰዓትህን ሳታይ፣ እስኪረጋጋ ዝም ብለህ ትጠብቅ እንደነበር ከመጀመሪያው መስመር አስገብቼዋለሁ። አትቀየመኝ፤ በአዲሱ መጻፊያ ነው የምጽፈው። የልጅ ልጆችህ በየትኛውም ኮምፒዩተር ሲከፍቱት እንዲያነቡህ ነው። የማስታውሰውን ሁሉ ሳልጨርስ አላቆምም።