ትንሿ አኒሞንና የቆሙት ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ትንሿ አኒሞን ዛሬም ቦታ ቀይራለች። ጠዋት ድንጋዩ ጀርባ ትቻት ሄጄ፣ ከሥራ ስመለስ ፓምፑ አፍ አጠገብ ደርሳ አገኘኋት። ትንሽ ብትጠጋ ኖሮ ስቦ ይፈጫት ነበር። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ እጄን አኳሪየሙ ውስጥ ከትቼ የፓምፑን አፍ በስፖንጅ ሸፈንኩት። የሸሚዜ እጅጌ በጨው ደርቆ ቀረ።

እማዬ እኔን "ልታጽናና" ከጉርድ ሾላ መጥታ ከሰነበተች ወዲህ "አበባዋ" ነው የምትላት። አኒሞን አበባ አይደለችም፣ የባሕር እንስሳ ናት፤ ድንጋይ የምትይዝበት እግር አላት፣ ደስ ሲላት ትሄዳለች፣ ሥጋ ትበላለች ብዬ ስንቴ ነገርኳት። ዛሬ የምስር ፍሬ የምታህል ሽሪምፕ በወረንጦ ሳጎርሳት አጠገቤ ቆማ አየች። አኒሞኗ ጣት መሳይ እጆቿን ሰብስባ ዋጥ ስታደርጋት እማዬ አፏን ይዛ "እውነትም! በጥቅምት አንድ አጥንት!" አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅኩ።

እንዳልረሳ፦ የባሕር ጨው ሊያልቅ ነው። ሂተሩ ይታይ። የኤፍሬም ሸሚዞች በፌስታል ይደረጉ።

ሸሚዞቹን አልነካኋቸውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

መብራት ጠፋ። ሰሚት ለመብራት መጥፋት አዲስ አይደለም፤ የጥቅምት ብርድ ግን ሌላ ነው፣ ውሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል። አኳሪየሙን በእማዬ ጋቢ ጠቀለልኩት። ዓሦቹና አኒሞኖቹ አየር እንዲያገኙ ውሃውን በጭልፋ እየቀዳሁ መልሼ ከፍ አድርጌ አፈስሳለሁ፣ እቀዳለሁ፣ አፈስሳለሁ። ክንዴ ዛለ። "ኢንቨርተር እገዛለሁ" እያለ ስንት ዓመት የሸነገለኝ ባሌ ኤፍሬም ይኸኔ የት ቁጭ ብሎ ማኪያቶውን እየጠጣ ይሆን?

ነገሩ ሁሉ የእሱ ነበር። መስታወቱም፣ ኮራሉም፣ ትልቋ አኒሞንም። ከዱባይ ሲያስመጣት እኔ "ይሄ ነገር ይቅርብን" ያልኩ ሰው ነኝ። ክረምት ሳይገባ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ በር ላይ ዞር ብሎ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ "አኳሪየሙን አደራ፣ እያየሽ ጠብቂልኝ።" ራስሽን ጠብቂ አላለም።

እሱ ከሄደ በኋላ፣ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ፣ ትልቋ ለሁለት ተከፈለች። አኒሞኖች እንዲህም ይራባሉ። አንደኛዋ ግማሽ ትልቅ ሆና ቀረች፤ ሌላኛዋ የጥፍር ያህል ቁራጭ ነበረች፣ አፏ ተበርግዶ፣ እግሯ ምንም መያዝ አቅቶት። ትሞታለች ብዬ ነበር። አልሞተችም። ይኸው አሁን የሻይ ስኒ አፍ ታህላለች።

የታችኛዋ ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አግኝታኝ "ከዚህ ሁሉ ልጅ ብትወልጂ አይሻልም?" አለችኝ። ሰው አፉን ሲከፍት አያፍርም። የልጅ ምትክ አይደለችም። በዚህ ዓመት ከነካሁት ነገር ሁሉ ያልተበላሸችብኝ እሷ ብቻ ናት፣ ሌላ ምንም አይደለም።

መብራት መጣ። ተሰብስባለች ግን አፏ ግጥም ብሏል። አፏ ከተዘጋ ደህና ናት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ትናንት ጋሽ መኮንን ደወሉ። የኤፍሬም አጎት ናቸው። "ልጄ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ሆነን ቤትሽ እንመጣለን" አሉ። ስለ ምን ብዬ ብጠይቅ "እሱን ስንመጣ" ብለው ዘጉ።

ስለ ምን ይሆናል! እማዬ ስልኩን ከእጄ ሳላስቀምጥ እልል ልትል ምንም አልቀራት። "ጥርስሽን ነክሰሽ እሺ በይ። ሰው ይሳሳታል፣ ይመለሳል። ሽማግሌ የላከ ሰው ተጸጽቷል ማለት ነው።" እኔ "በሬን አልከፍትም" አልኩ። ጮኼም ተናገርኩ።

ዛሬ ፀጉሬን ተሠራሁ። ለምን? እንጃ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ መስታወት ውስጥ ራሴን ሳየው አፈርኩ፣ ግን ተነሥቼ አልሄድኩም። ስመለስ እማዬ ዶሮ እየገነጠለች ነበር። ሸሚዞቹን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ተኮስኳቸው። ይኼን ማንም እንዳያነብ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ሦስት ሆነው መጡ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። ጋሽ መኮንን፣ አንድ የሰፈራቸው ሰው፣ እና አቶ ሐጎስ የሚባሉ፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ የማያወሩ ሽማግሌ። ኤፍሬም የለም።

"ግቡ፣ ቁጭ በሉ" አልኩ።

"የመጣንበትን ካልፈቀድሽልን አንቀመጥም" አሉ ጋሽ መኮንን። ቆሙ። ሦስቱም። ሽማግሌ ቤቱ መሀል ሲቆም ምን እንደሚያስጨንቅ ያየ ያውቀዋል። እማዬ ከጓዳው በር ላይ ሆና በዓይኗ ትለምነኛለች። ስንት ቀን የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ የት እንደገባ እንጃ። "እሺ፣ የመጣችሁበት ይሁንላችሁ። ተቀመጡ" አልኩ።

ተቀመጡ። መረቁኝ። እማዬ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠርገው "ኤፍሬም ቦሌ አዲስ ቢሮ ከፍቷል" አሉ። "እንግዳ መቀበያው ላይ ያንን የዓሣ መስታወት ማስቀመጥ ፈልጓል። በጠብ ከሚሆን በሽማግሌ ይሁን ብሎ ነው የላከን። አንቺም ጨዋ ነሽ፣ ሳታለፊን እሺ አልሽን።"

መጀመሪያ የሰማሁት አልገባኝም። "ስለ እኔስ?" አልኩ። ድምፄ ለራሴ አስጠላኝ።

ጋሽ መኮንን መሬት መሬት አዩ። "ስለ አንቺ እንኳ ያለው የለም፣ ልጄ።"

የተሠራሁትን ፀጉር በሁለት እጄ ነቅዬ ብጥለው ደስ ባለኝ። ግን እሺ ብያለሁ። ቆመው የነበሩ ሽማግሌዎችን እሺ ብዬ አስቀምጬ፣ ሲቀመጡ እምቢ ልበል? እናቴ ፊት? አልችልም። እሱም ይኼን ያውቃል፤ ያሳደገኝን ቤት ያውቃል፣ ለዚህ ነው በስልክ ያልጠየቀኝ።

"ሁሉንም ይውሰድ" አልኩ። "ትንሿን ግን አልሰጥም። እሱ ከወጣ በኋላ ነው የመጣችው።"

የምን ትንሿ ነው አሉ። ተነሥተው መስታወቱን ከበው አዩ። አስረዳኋቸው። ጋሽ መኮንን ሳቁ፤ "ላሚቱ የእሱ ከሆነች ጥጃዋ የማን ልትሆን ነው?" የሰፈራቸው ሰውም በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ ሐጎስ ያኔ ነው የተናገሩት። "ሲሄድ ጠብቂልኝ ብሎሻል?"

"አዎ፣ አባቴ። በአደራ።"

"ማን ሲያበላ ኖረ?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ለርቢ ነው የሰጠሽ። እኔ ባደግኩበት አገር ላም ለርቢ የወሰደ ሰው ከውላጇ ድርሻ አለው። አንዲት ብቻ ከተወለደች፣ የደከመባት ይውሰድ።"

ትንሽ ተከራከሩ። የምትጠባ ነገር ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። አትጠባም አልኩ። ተፈረደልኝ። ትልቋ ከነቤቷ ለኤፍሬም፣ ትንሿ ለእኔ። በሕይወቴ ያሸነፍኩት ክርክር ይኼ ነው።

ዶሮውን በሉ። ምን ያድርጉ፣ ተሠርቷል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

እማዬ ሌሊቱን አልተኛችም መሰለኝ። "እሺ በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ" ብላ አለቀሰች። አጽናኟን እኔ አጽናናኋት።

ኤፍሬም መልእክት ላከ፦ "ነገ ጠዋት ሠራተኞች ይዤ እመጣለሁ። አመሰግናለሁ።" አመሰግናለሁ!

ከጉርድ ሾላ ትንሽ የዓሣ መስታወት ገዝቼ መጣሁ። ከትልቁ ውሃ ቀዳሁ፣ ሁለት ድንጋይ አወጣሁ፣ የድሮዋን ትንሽ ሂተር ሰካሁ። አዲስ ውሃ ይገድላታል፤ የለመደችውን ይዛ መሄድ አለባት።

ሁሉ ተዘጋጅቶ ዞር ብል የት ብትወጣ ጥሩ ነው? መስታወቱ ላይ። ድንጋይ ላይ ብትሆን ከነድንጋይዋ አነሣት ነበር። እግሯን የሚወሰደው መስታወት ላይ ለጥፋ ቁጭ ብላለች። ጎትተው ካነሷት ትቀደዳለች፣ ከተቀደደች ትበሰብሳለች። በእሷ በኩል ያለውን ብርሃን በካርቶን ጋረድኩት፣ ጨለማ ሲሆንባት ትሄድ ይሆናል ብዬ። ስንት ወር "አርፈሽ ተቀመጪ" ስላት የኖርኩት ሴት ዛሬ ቀኑን ሙሉ "እባክሽ ሂጂ" ስል ዋልኩ። ንቅንቅ አላለችም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

መጣ። አዲስ ሽቶ ቀብቷል። "እንዴት ነሽ?" አለኝ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሰላም እንደሚባለው። እማዬ ከክፍሏ አልወጣችም።

ሠራተኞቹ ውሃውን በቱቦ እየቀነሱ፣ ዓሦቹን በባልዲ እያወጡ፣ እኔ ክንዴን ከትቼ በአውራ ጣቴ ጥፍር የእግሯን ጠርዝ ቀስ እያልኩ አላቅቃለሁ። ትንሽ ትለቃለች፣ መልሳ ትይዛለች። ውሃው እየጎደለ ነው። ኤፍሬም ሰዓቱን ያያል።

"ላጥ አድርጊያት በቃ፣ ማሕሌት። ለዚህች ነገር ይህን ያህል!"

"መላጥ ለአንተ ይቀልሃል" አልኩት። ዞር ብዬ አላየሁትም። እሱም ከዚያ በኋላ ሰዓቱን አላየም።

ለቀቀች። መዳፌ ላይ ወደቀች፣ ለስላሳ፣ ምንም የማትመዝን። ጠርዟ ላይ ትንሽ ተቧጭራለች፣ አየሁት። ትንሹ መስታወት ውስጥ አስገባኋት።

መስታወቱን ደረጃ ለደረጃ እየተጮኸ አወረዱት። በመስኮት አይሱዙው ሲወጣ አየሁ። ሸሚዞቹን በፌስታል አድርጌ ሰጥቼዋለሁ። የተተኮሱ መሆናቸውን ያይ ይሆናል። ይይ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሳሎኑ ባዶ ሆኗል። መስታወቱ የነበረበት ግድግዳ ከሌላው ይልቅ ነጭ ነው።

ከሰዓት ኤፍሬም ደወለ። ስልኩን እያየሁ ብዙ አስጠራሁት። አነሣሁ። ትልቋ ምንም መያዝ አቅቷታል፣ ውሃው ውስጥ ትንሳፈፋለች፣ ምን ላድርግ አለኝ። ዝም ልለው አማረኝ። ዝም ብለው ትሞታለች፣ ውሃውንም ትመርዛለች፣ ዓሦቹም ያልቃሉ፣ እንግዳ መቀበያው ይገማል። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት፣ ጣፈጠኝም።

ከዚያ ነገርኩት። ፓምፑን ሸፍን። ብርሃኑን ቀንስ። ድንጋይ አጠገቧ አድርግላት፣ እንዳትነካት፣ ጠብቅ። እሺ፣ እሺ አለ። "የአንቺዋስ?" ሲለኝ ዘጋሁት።

የእኔዋ እንደ ዘቢብ ተጨማዳ ድንጋዩ ጥግ ተኝታለች። ትንሽ ሽሪምፕ አቀረብኩላት፣ አልነካችውም። አፏ ተዘግቷል ወይስ ትንሽ ከፈት ብሏል፣ በዚህ ብርሃን አይለይም። እማዬ ከኋላዬ መጥታ "ትተርፋለች?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ከተረፈች ተረፈች። ከሞተችም እኔ ነኝ የምቀብራት፣ ሽማግሌ ልኮ የሚወስዳት የለም።