ለጠፋው ቀይ መስመር ስለተከሰሱት የአክስቴ ዓይኖች

ስሙን በጨዋነት ለማልጠራው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

አላህ ጤናዎን ይጠብቅልዎ፤ ዓይንዎን ደግሞ አብልጦ። ይህን ከልቤ የምመኝልዎ፣ እርስዎ ዘንድ ዓይኑ ታሟል የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ስላየሁ ነው።

እኔ ጁነይድ እባላለሁ፤ ሰኞ ገበያ ካሮት የሚሸጡት የወይዘሮ ሸሪፋ የወንድም ልጅ ነኝ። አክስቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከደሴ ወጣ ብላ ባለችው ማሳቸው ነው። ገበሬው የማሳውን ድንበር በካርታ አይቶ እንዲያረጋግጥ እርስዎ ወደ አዳራሽዎ በጠሩት ጊዜ አብሬያቸው መጥቼ ነበርና፣ የማመሰግንዎ ብዙ ነው።

፩ኛ፣ ካርታውን ግድግዳ ላይ በሰቀሉት ስክሪን ስላሳዩን። ድንበሩ በቀይ ተሰምሯል ተባልን፤ ስክሪኑ ላይ ግን ቀይ የሚባል ቀለም አልነበረም። ማሳው፣ መንገዱ፣ የቤቱ ጣሪያ ሳይቀር ድፍርስ አረንጓዴ ሆኖ፣ መስመሩ ጠቁሮ ከዛፍ ጥላ ጋር ተውጧል። አክስቴ ድንበሬ አይታየኝም ቢሉ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ እርጅና ነው፣ ሄደው ዓይንዎን ይታከሙ አሏቸው። ሰው ሳቀ። አክስቴ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ወጡ።

፪ኛ፣ ለምክርዎ። ደሴ ወስጄ አስመረመርኳቸው፤ ሐኪሙ ዓይናቸው ደህና ነው አለ።

፫ኛ፣ ለትጋትዎ። ስንመለስ ከኮምቦልቻ አዲስ ስክሪን አስመጥተው ጠበቁን። ማሻ አላህ፣ ትልቅ ነው፤ ካርታው ግን ያው ድፍርስ አረንጓዴ ነበር፣ አሁን በስፋት። ስክሪኑ ተቀይሮ ሥዕሉ ካልተቀየረ ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ወይም ገመዱ ላይ ነው ብዬ ብለምን፣ የመንግሥት ዕቃ አይነካም ተባልኩ። አክስቴን ግን አይቻለሁ ብለው የጣት አሻራ እንዲያኖሩ አዘዟቸው።

«ዓይኔ ደህና ነው፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ወላሂ ጣቴን አላሳርፍም» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

ያኔ ባለሙያዎ አቶ ቀለሙ አፍሮ ተነሣ። ከኮምፒውተሩ ወደ ስክሪኑ የሚሄደውን ገመድ ሲነቅለው፣ ጫፉ ላይ ካሉት ቀጫጭን እግሮች አንዷ፣ ቀዩን ቀለም የምታስተላልፈው፣ ተጣማለች። አቃንቶ መልሶ ሰካና ብሎኑን አጠበቀ። ቀዩ መጣ። መስመሩ የአክስቴን ማሳ ለሁለት ከፍሎ፣ ወንዙ ዳር ያለውን፣ ካሮቱ የሚበቅልበትን፣ ለጎረቤታቸው ለአቶ ወንድምአገኘሁ ሰጥቶት ኖሯል።

አቶ ወንድምአገኘሁም እዚያው ከሰው መካከል ተነሥተው መሬቱ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ አባታቸውም አርሰውት እንደማያውቁ፣ የሰው ርስት ይዘው መሞት እንደማይፈልጉ ተናገሩ።

፬ኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ይኸው። ክቡርነትዎ ድንበሩን ለመቃወም የተሰጠው ጊዜ አብቅቷል አሉ፤ በአክስቴ ስም ፊት ለፊትም «ቀርበዋል፤ አልተቃወሙም» ብለው አስጽፈዋል። ሰጪ አልሰጠሁም፣ ተቀባይ አልቀበልም ያለውን መሬት በግድ የሚያዛውር ጽሕፈት ቤት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። በአደባባይ አይታየኝም ማለት ተቃውሞ ካልሆነ፣ ተቃውሞ የሚሉት ምንድን ነው? ዕውር ያደረጓቸው እርስዎ ነዎት፤ ጊዜውን የበላውም የእርስዎ ገመድ ነው። ካርታው ይታረም፤ ሰው ያሳቁባቸውን ሴትም ባሳቁበት አዳራሽ ይቅርታ ይጠይቁ።

ከማያልቅ አክብሮትና ከማይበርድ ንዴት ጋር፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ እየተመኘሁ፣
ጁነይድ፣ የወይዘሮ ሸሪፋ የወንድም ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት አቶ ወንድምአገኘሁ በሬዎቻቸውን ነድተው መጥተው ወንዙ ዳር ያለውን ማሳ ለአክስቴ አርሰውላቸዋል። በካርታዎ መሠረት ሰውየው የገዛ መሬታቸውን ለባዕድ አርሰዋልና፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚከሱ በአክብሮት ያሳውቁን።