ክሩ መሬት ከነካ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ወባው፣ ጊንጡ፣ የመተማ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ እንዳልል ጽሕፈቴ ያጋልጠኛል። ይህን ዶሮ የጫረው የሚመስል ፊደል የጻፍኩት በግራ እጄ ነው፤ ቀኙ በጀሶ ታስሯል። አትደንግጥ፣ ይድናል ብለውኛል። እንዴት እንደተሰበረ እደርስበታለሁ። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩህ አታምነኝም፤ ግትርነትህ እንደሆነ ያው የአባባ ነው።

እማ አለች። ጾሙን ይዛለች። ፍየሎቹ ወልደዋል፤ ያቺ ቀንደ ሰባራዋ መንታ ወለደች።

መተማ የሚመላለሰው አሥራተ ማርያም ከአንተ ዘንድ እንደተመለሰ እዚሁ ሰቆጣ እኔ ጋ መጣ። የሰሊጡን ሥራ ጨርሰሃል፣ ብረት ገዝተሃል፣ ለአባባ ሙት ዓመት ትመጣለህ፣ ከዚያ በፊት ግን ጋዝጊብላ በገበያ ቀን ወርደህ ምንዋጋውን ሰው መሀል ልትደፋው ምለሃል አለኝ። ሲነግረኝ ፈገግ ይል ነበር፤ ወሬ የሰው ደም ሳይሆን ጠላ ይመስለዋል። ስልክህ እርሻው ላይ አይሠራም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለዚያው ለእሱ ሰጥቼዋለሁ፤ ሳትሳፈር እንዲደርስህ ለእመቤቴ ተስያለሁ። ወንድም ዓለም፣ የተሳሳተ ሰው ልትገድል ነው የምትመጣው። ይህ ነው ወሬዬ። አሁን ቁጭ ብለህ የቀረውን አንብብ።

የምታውቀውን ልድገምልህ፣ ብደግመው ምክንያት አለኝ። ወቅቱ ማሽላ የሚወቃበት ነበር። አባባ ከጽጽቃ ገበያ ሲመለስ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሲታጠብ ነው በአንድ ጥይት የጣሉት። አየሁ ያለ አንድ ሰው ነው፤ አጎታችን፣ አያ የሻምበል። ከአውድማዬ ላይ ሆኜ እህሌን ስወቃ፣ ምንዋጋው ከሾላው ሥር ተንበርክኮ ሲተኩስ በዓይኔ በብረቱ አየሁ አለ። አገሩ ሁሉ ገዳዩን ለማውጣት ለአውጫጭኝ በተቀመጠበት በሕዝብ ፊት ማለ። ምንዋጋውና አባባ በድንበር እንደተካረሩ ማን የማያውቅ አለ? ሰውዬውም ዘመዶቹ ዘንድ ጋዝጊብላ ገባ፤ መሸሹ መሰከረበት። ደመኛ ነህ የተባለ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንደሚሸሽ ያን ጊዜ ማንም አላሰበም።

ጋቢውንም ታስታውሳለህ። አያ የሻምበል ከነደሙ ምሰሶው ላይ ሰቅሎ፣ ይህ በውሃ አይታጠብም፣ ወንድ ልጅ ትቶ የሞተ አልሞተም እያለ፣ ምግብ በቀረበ ቁጥር ወደ እሱ ያሳይህ ነበር። ቁራሹ ጉሮሮህ ላይ ሲቀረቀር እያየሁ ነው ያደግሁት ልልህ ምንም አልቀረኝም፣ ያንን ክረምት ያህል ረጅም ክረምት አላየሁም። ጸጉሬን አልላጭም ብለህ ምለህ ወጣህ። እሱም የወንዝ ዳሯን መሬታችንን፣ ለእናንተው ብዬ ነው እያለ ማረስ ጀመረ።

እኔ ደግሞ ምን ስሠራ እንደከረምኩ ልንገርህ፤ እንዳትስቅ። የምሠራበት ኮፒ ቤት ባለቤት ወንዳወቅ አንድ አመል አለበት። ጠረጴዛ ላይ ጦርነት ይጫወታል። እሑድ እሑድ ሁለት አስተማሪዎችና አንድ ባለባጃጅ ይመጡና በሉዶ ዳይስ እየተጣጣሉ ሲዋጉ ይውላሉ። ወታደሮቹን የምሠራው እኔ ነኝ። ማሽኑ ያበላሸው ወረቀት ላይ ሰውየውን ከፊትና ከጀርባ እስላለሁ፣ በካርቶን ላይ በኮላ እለጥፋለሁ፣ በምላጭ ዙሪያውን እቆርጣለሁ፣ እንዲቆም እግሩን በቆርኪ ላይ አጣብቃለሁ። ቁመቱ ትንሽ ጣትህን አያክልም፤ ዝናሩ ሳይቀር ይታያል። ኮረብታውን የዘይት ካርቶን እየደራረብን እናወጣዋለን። ጠርዙን በምላጭ ሳይሆን በእጅ ትቦጭቀዋለህ፤ ያን ጊዜ ገደል ገደል ይላል። ላዩ ላይ በወንፊት የተነፋ አፈር እነሰንሳለሁ፤ የፍራሽ ስፖንጅ አረንጓዴ ነክሬ ዛፍ አደርገዋለሁ።

የዋግ ሰው ያየው ጦርነት አልበቃው ብሎ በወረቀት ይዋጋል ወይ ትለኝ ይሆናል። እኔም ብዬዋለሁ። ወንዳወቅ ምን አለኝ መሰለህ? የእኛው ሟች በሚመጣው እሑድ ይነሳል አለኝ።

አንድ ሕግ አላቸው፤ ይህን ልብ ብለህ ያዝ። ተኳሹ ከራሱ ወታደር ዓይን እስከ ጠላቱ ገላ ድረስ ክር ይወጥራል። ክሩ ምንም ሳይነካ ከደረሰ ዳይሱን ይጥላል። ኮረብታ ወይም ድንጋይ ከነካ ግን አይተኩስም። ክሩ መሬት ከነካ ጥይቱም መሬት ይነካል ይላል ወንዳወቅ።

እኔ የራሴ ጨዋታ ነበረኝ። ምንዋጋውን ሠራሁት። ያቺን አረንጓዴ ካፖርቱን፣ ያቺን የሚጎትታትን እግሩን ሳልረሳ። ከዚያ ገደልኩት። አንገቱን በምላጭ ቀንጥሼው አውቃለሁ፣ በክብሪት ከእግሩ ጀምሬ አቃጥዬው አውቃለሁ፤ ደግሞ እንደገና እሠራዋለሁ፣ ደግሞ እገድለዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ቆርጦኝ እዋሽሃለሁ! አንጀቴ ግን ቅቤ አልጠጣም። አባባ በወደቀበት ቦታ ካልገደልኩት እፎይ አልልም አልኩ።

ለኅዳር ሚካኤል አገር ስገባ የአህያ መጫኛ ይዤ ሸለቆውን ላይ ታች እያልኩ ለካሁ፣ በስልኬም ከየአቅጣጫው አነሳሁት። እማ ልጄ አበደች ብላ ጠበል ልትወስደኝ ነበር። ተመልሼ ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት፤ መሻገሪያው፣ ሾላው፣ በመካከላቸው ያ የበሬ ሻኛ የሚመስል ቋጥኝ፣ ከመሻገሪያው ወዲያ ማዶ ከፍ ብሎ ደግሞ አውድማው። ወንዳወቅ አይቶ እንዲህ ያለ ሠርተሽ አታውቂም አለኝ። አባባንም በወረቀት ሠራሁት። መሻገሪያው ላይ ጎንበስ አድርጌ አኖርኩት፤ ምንዋጋውን ከሾላው ሥር አንበረከክሁት፤ ክሩን ወጠርኩ።

ክሩ ቋጥኙ ላይ ተኛ።

ደሜ ፈላ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ። ቋጥኙን ገንጥዬ ጥዬ፣ ፎቶውን እያየሁ ሌላ ሠራሁ። ያው ነው። በሳምንቱ እንደገና አገር ወረድኩ። እማን ነጭ ነጠላዋን አልብሼ መሻገሪያው ላይ አጎንብሺልኝ ብዬ እኔ ከሾላው ሥር ተንበረከክሁ። እማ የለችም። ቆምኩ፣ የለችም። ሾላው ላይ ወጣሁ፤ ቋጥኝ እንጂ እናቴን አላየሁም። ዛፍ ላይ ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ያን ሁሉ ጊዜ በወረቀት የገደልኩት ሰው ምንም አላደረገንም።

አንተ ይሄኔ ቦታ ቀይሮ ይሆናል እያልክ ነው። እኔም ብያለሁ። ስለዚህ ጋቢውን ከምሰሶው አውርጄ መሬት ላይ ዘረጋሁት። እንደዚያ ስናየው ከርመን አንድ ቀን እንኳ ገልጠን አላየነውም እኮ! በጀርባው በኩል ያለችው ቀዳዳ ሽምብራ ታክላለች። የደረቱ ግን ጡጫ ያስገባል። ጥይት ሲገባ ትንሽ ሲወጣ ትልቅ መሆኑን በእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። አባባ ደግሞ ፊቱን ወደ ሾላው እንዳደረገ ነው የተደፋው፤ ያነሳኸው አንተው ነህ፣ እኔ አልነግርህም።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሼ ክሩን ከአባባ ጀርባ አስነስቼ ወደ ላይ ወጠርኩት። መሬት ሳይነካ የሚደርሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቦታውን አልጽፈውም። አሥራተ ማርያም የሰው ደብዳቤ ይከፍታል ስለሚሉ ብቻ አይደለም፤ ግራ እጄም እምቢ ይለኛል።

አሁን ስለ ቀኙ እጄ። ባለፈው ቅዳሜ የሻምበል ለሙት ዓመቱ ቅመም ሊሸምት ሰቆጣ ወጣና ሳላስበው ኮፒ ቤት ብቅ አለ። እኔ ከፊት ለፊት ደምበኛ ላይ ነበርኩ። ወንዳወቅ፣ ምስኪን፣ ምን ያውቃል! እንግዳ መጣ ብሎ ደስ ብሎት ወደ ጓዳ አስገባው። ይኸው አገርዎ፣ እንደ ልጅዎ ማንም አይሠራም እያለ ስለ ክሩ ያስረዳው ጀመር። ክሩንም ከዚያች ቦታ ወደ ወረቀቱ ሰው ጀርባ ወጥሮ፣ ከዚህ ሆኖ ልጅም አይስተው አለው። እኔ የገባሁት ይሄኔ ነው።

የሻምበል ወደ እኔ ዞረ። ምንድን ነው ይህ አላለም። ለምን ሠራሽው አላለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህን ሌላ ማን አየው አለኝ።

ወንድሜ ገና አላየውም አልኩት።

ዱላው ሲወርድ ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛውን ሲያነሳ አባባ ላይ ተደፋሁ፤ ወረቀት መሆኑን ረስቼው! የእጄ አጥንት ሲሰበር እንጨት ሲሰበር ያለውን ድምፅ ነው ያሰማው። ወንዳወቅ ሊይዘው ቢሞክር ግንባሩን ተረተረው፤ ደሙ ኮፒ ማሽኑ ላይ ሁሉ ተረጨ። ጎረቤት በሕግ አምላክ፣ በሕግ አምላክ እያለ እስኪገባ ድረስ ቋጥኙን፣ ሾላውን፣ ሰውን ሁሉ በጫማው ረገጠው። አውድማውን ግን በእጁ ነው የበጣጠሰው። ሲይዙት ምን አለ መሰለህ? ይህቺ ልጅ የሙት ምስል እየቀረጸች ጥንቆላ ትሠራለች፣ ዛር ሰፍሮባታል አለ። ግማሹ ሰው አመነውና ለቀቁት፣ ወይ ጉድ! አንተንም እህትህ አብዳለች ይልሃል፤ ተዘጋጅ።

ከዚህ ወርዶ ደግሞ ጋቢውን ከምሰሶው ላይ ሲያጣው እማን ጉሮሮዋን ይዞ የት አደረግሽው አላት። አልተናገረችም። እማ አለች ብዬ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው፤ አንገቷ ላይ ጣቱ ይታያል። አሁን እኔ ጋ ናት፤ አጠገቤ ሆና ይህን ስጽፍ እያየች ነው። ጋቢውን ለንስሐ አባታችን ለአባ ገብረ አማኑኤል አስረክቤያለሁ። እሳቸውም ገልጠው አዩት። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ራሳቸው እንደሚጠሩ፣ በሙት ዓመቱ ዕለት እህል ከመቀመሱ በፊት ነገሩ በሁሉ ፊት እንደሚታይ ነገሩኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉኝ። እያደር የምትለዋ ናት የምታስፈራኝ፤ አንተ ብረት ይዘህ ልትነሳ ነህና።

ገደሉን እንደገና ሠርቼዋለሁ፣ በግራ እጄ። ያምራል ልልህ አልችልም፤ ወንዳወቅ ግንባሩን ታስሮ ካርቶኑን ይዞልኛል። አባባ መሻገሪያው ላይ አለ። ተኳሹን ግን ሳልስለው ነጭ ወረቀት አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ክሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። ና፣ በራስህ እጅ ወጥረው፤ ሽማግሌ ፊት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ። ነጩን ሰው የት እንደምናቆመውና የማንን መልክ እንደምቀባው ያን ጊዜ ትነግረኛለህ። ብረቱን ለሸጠልህ ሰው መልስለት። ምንዋጋውን ብትገድል የአባባ ደም በሁለት ይባዛል፤ ሌላውን ብትገድል ደግሞ እማ ለሁለት ሰው ልታለቅስ ነው፣ ለሞተውና እስር ቤት ለሚገባው። ሕጉ ይግደለው፤ አንተ ኑርልኝ። እኔ ወረቀቱን እገድላለሁ፣ ይበቃናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። የሻምበል ሊቀበልህ መናኸሪያ እንደሚመጣ፣ ከዚያም እስከ ጽጽቃ አብራችሁ በእግር እንደምትወርዱ ሲናገር ሰምተውታል። እኔን ሳታይ በፊት ካገኘህ እንደ ደንቡ ጉልበቱን ሳም፣ ምንም እንደማታውቅ ሁን። ቀጭኗ መንገድ ላይ ስትደርሱ ግን፣ ልጄ ቅደም ይልሃል። አትቅደም። በአገራችን ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም በለው፤ እስክትደርሱም ከኋላው ሁን።

አምላከ አባታችን ከፊትህም ከኋላህም ይቁም። የእማ ምርቃት ይኸውና፦ እግርህ መልካም መንገድ ይርገጥ፣ እጅህ ንጹሕ ሆኖ ይግባ።

በግራ እጇ የጻፈችልህ፣
ታናሽ እህትህ