በስምህ የተማርኩበት ዓመት

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንደሆንክ አውቃለሁ። እኛ ደህና ነን የሚለውንም እዘለዋለሁ፤ አንብበህ ስትጨርስ ራስህ ትፈርዳለህ። ስምህንም እዚህ ላይ አልጽፈውም። ዓመቱን ሙሉ በየደብተሩ ሽፋንና በየፈተናው ወረቀት አናት ላይ ስጽፈው ከርሜ እጄ ሰልችቶታል።

ከሞትክ በኋላ ከተማ ቀየርን። እማዬ፣ አንተ ኳስ ስትጫወት በወደቅህበት ሜዳ አጠገብ ማለፍ አቃታት፤ ወደ ገበያ የሚወስድ ሌላ መንገድ ደግሞ የለም። አባዬ ዝውውር ጠየቀ። መሥሪያ ቤቱም ማንም የማይፈልገውን ቦታ ሰጠው፤ ተራራ ላይ የተንጠለጠለች፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር መንገዷ በናዳ የሚዘጋ ትንሽ ከተማ። ሥራው ያው ዶዘር መንዳት ነው። ናዳው ይወርዳል፣ አባዬ ይጠርጋል፣ ናዳው ይወርዳል።

ከተማዋን ትወዳት ነበር። ይህን የምጽፍልህ እንዲቆጭህ ነው። አስፋልቱ አንድ ብቻ ነው፤ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ሌላው ሁሉ የድንጋይ ደረጃ ነው። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ቆጥሬያለሁ። የታችኛዋ ጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ጣሪያ ከእኛ ግቢ እኩል ስለሆነ፣ ድመቷ ሳትዘል እየተራመደች ትመጣብናለች። በዐሥራ አንድ ሰዓት ጉም ከሸለቆው ይነሳና መጀመሪያ የዳቦ ቤቱን ጭስ ማውጫ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን፣ በመጨረሻ የዘረጋኸውን እጅ ይውጠዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁላችንም ራሳችንን ይዘን ሰነበትን። ከፍታው ነው አሉን።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። የምዝገባ ቀን መንገዱ ተዘግቶ አባዬን በስልክ ያጣድፉት ነበር። የሁለታችንም የትምህርት ማስረጃ አንድ ክላሰር ውስጥ ነው ያለው። በጭቃ ቡቱ እንደቆመ አንዱን መዘዘና ለጸሐፊዋ ሰጣት፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሮጠ። ጸሐፊዋ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። ፎቶው ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ግን በአንድ ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠኝ፤ ሰው ሁሉ መንታ ናቸው ይለን አልነበር? "ከስተሃል" አለችኝና መዘገበችኝ። ዐሥረኛ ክፍልን በስንት መከራ ያለፍኩት ልጅ፣ በአንድ ጠዋት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባሁ።

በመጀመሪያው ቀን ስምህ ተጠራ። ዝም አልኩ። ደግመው ጠሩ። አጠገቤ የተቀመጠው፣ በቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ የሚሉት ልጅ በክርኑ ጎሸመኝ።

"አንተን ነው! አዲስ ገቢ አንተ ብቻ ነህ። ተኝተሃል እንዴ?"

"አቤት" አልኩ።

ቤት ስደርስ እንደ ቀልድ ላወራው ነበር፣ እውነቴን ነው። እማዬ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተጋድማለች። ነገርኳት። ብድግ ብላ ተቀመጠች።

"ምን ብለው ጠሩ? ድገመው እስቲ።"

ደገምኩላት።

"ከነአባቱ ስም?"

"ከነአያቱ።"

"አቤት አልክ?"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"ደግ አደረግህ" አለችና ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ከሞትክ ወዲህ ሳትለመን ፊቷን ስትታጠብ የመጀመሪያዋ ነበር።

አባዬ ሲሰማ "ሰኞ ሄጄ አስተካክለዋለሁ" አለ። ሰኞ ናዳ ወረደ። በሚቀጥለው ሰኞም ወረደ። ተራራው እንኳ ላንተ ያደላል።

በዚያ ወር እማዬ ዳነች። ለምን እዋሽሃለሁ፣ ዳነች። ልብስ ሰፊዋ ባንተ ስም "የእገሌ እናት" እያለች ስትጠራት ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ትወጣው ጀመር። የወላጆች ስብሰባ አያመልጣትም። ሴቶቹ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ እሷም ስለ ልጇ ታወራለች። ቤት ስንገባ ግን በስምህም በስሜም አትጠራኝም፤ "አንተ" ብቻ ሆንኩ። አንድ ቀን ደግሞ የስፖርት አስተማሪው ከሰልፍ አወጡኝ።

"እናትህ ልቡን ያመዋል ብለውኛል። አንተ እዚህ ቁጭ በልና የጓደኞችህን ጫማ ጠብቅ።"

የኔ ልብ እንደ ወፍጮ ነው የሚሠራው። ጎደሎ ሆኖ የተፈጠረው ያንተ ነው፤ ሐኪሙም የነገረን ከሞትክ በኋላ ነው። ስምህ ሳያንስ ሕመምህንም አወረሰችኝ።

ስለዚህ ተራራ መውጣት ጀመርኩ፣ በድብቅ፣ ከሽቦ ጋር። ከትምህርት በኋላ ጉሙ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ተኩል አለን። መጀመሪያ የወጣነው ድንጋይ ይፈለጥበት ወደነበረው ገደል ነው፤ ሰዎቹ ጥለውት ከሄዱ በኋላ ዝናብ ሞልቶት አረንጓዴ ውሃ ቋጥሯል። ቀጥሎ የከተማው ውሃ ማጠራቀሚያ ጋ ደረስን፤ ክዳኑ ዝጓል፣ አንድ ጫማ ይንሳፈፍበታል፣ ሁላችንም ያንን ነው የምንጠጣው። በሦስተኛው ሳምንት "ጥርሱ" የሚሉት ጫፍ ላይ ወጣን። እንደ ተሰባበረ ጥርስ የቆሙ አለቶች ናቸው። ከዚያ ሆነህ ስታይ ከተማዋ የክብሪት ቀፎ ታክላለች፣ የአባዬ ዶዘር ደግሞ ቢጫ ጢንዚዛ። እሱ ወደፊት ይገፋል፤ ከኋላው፣ አሁን በጠረገው ቦታ ላይ፣ ጠጠር ሲንከባለል ይታይሃል። እሱ አያይም።

"ልበ ሕመምተኛው፣ ቀስ በል" ይለኛል ሽቦ እያለከለከ። "ሬሳህን ተሸክሜ አልወርድም።"

"አንተን ብሎ ሬሳ ተሸካሚ! መጀመሪያ ቦርሳህን ቻል።"

ጥርሱ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት። አፉን ከፍቶ ሰማኝና ሳቀ።

"ለካስ የቤት ሥራ ስገለብጥ የከረምኩት ከሙት ነው!" ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠው። "እና ማን ልበልህ?"

ስሜን ነገርኩት። አንድ ሁለት ጊዜ ሞከረው። "ያኛው ይሻላል" አለኝ። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራራው ላይ ስንሆን በሱ ይጠራኛል። በስሜ የሚጠራኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ከተማ ስንገባ እሱም ይተወዋል።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ያጠናሁት ለክብርህ ብዬ ነው። እማዬ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ደብተሮችህን ከሻንጣ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችልኝ። ሒሳብን ከእጅ ጽሑፍህ ተማርኩ፤ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን አራትን እንዴት እንደምታጣምማት ጭምር። በሙከራ ፈተናው ከክፍሉ አራተኛ ወጣሁ። ወጣህ ማለቴ ነው።

የመልቀቂያ ፈተናው ቅጽ ሲመጣ ዳይሬክተሩ ክፍላችን ገቡ። "እዚህ ላይ የሚጻፈው ስም እስከ መቃብር ይከተላችኋል" አሉ። "አስባችሁ ሙሉ።" አሰብኩ። ባዶውን ቅጽ ይዤ ቢሯቸው ሄድኩ።

"ይህ ስም የኔ አይደለም። የታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ሞቷል።"

መነጽራቸውን አወለቁ። እማዬን አስጠሯት። መጥታ ስትሰማ አልተቆጣችም፤ የገረመኝ ይህ ነው። ወንበሩ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠችና ሻርፗን ወደ ኋላ መለሰች።

"እውነት ነው፣ ልጅ ሞቶብኛል" አለች። "የሞተው ግን ታናሹ ነው። ይሄ ልጅ ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል። እኔ እሱ ነኝ ይላል። በጣም ይዋደዱ ነበር።"

ዳይሬክተሩ በሐዘኔታ አዩኝ። በሐዘኔታ የሚያይህን ሰው ጤነኛ ነኝ ብለህ ለማሳመን ሞክረህ ታውቃለህ? በጮህኩ ቁጥር የሷን ቃል አጸናሁላት። "አይዞህ የኔ ልጅ" አሉኝ፣ ብዕሩንም እጄ ውስጥ አስያዙኝ።

ኮሪደሩ ላይ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። "ምን ይጎዳሃል? ስም ነው። እሱን ሁለት ጊዜ አልቀብረውም።"

"እኔንስ?"

ክንዴን ለቀቀችና ሄደች።

ወደ አባዬ ሮጥኩ። መንገዱ ላይ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ፊቱን በመሀረብ እየጠረገ።

"እናትህ ከአልጋ ተነስታለች" አለኝ። "ይህ ቀላል ነገር ነው?"

"እና እኔ ልሙትላት?"

"አንተ ጠንካራ ነህ። ትችለዋለህ።" ሞተሩን አስነሳው።

በዚያው ቅዳሜ የክፍላችን ልጆች ሊያስተዛዝኑን መጡ። እማዬ ሞተ ስላለችው ታናሽ ወንድሜ፣ ማለት ስለ እኔ። ሰባት ሆነው ሳሎናችን ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተደርድረው ተቀመጡ፤ ሽቦም አለበት። ሻይ የማቀርበው እኔ ነኝ። የክፍል አለቃዋ፣ ደግ ልጅ ናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እማዬን ጠየቀቻት።

"ምን ዓይነት ልጅ ነበር፣ እትዬ?"

ትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እማዬ አሰበች። ጣሪያውን አየች፣ እጇን አየች። የአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜዬን እስክታስታውስ ጠበቅኋት።

"ይበላ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ጥሩ ይበላ ነበር።"

ሽቦ ተነስቶ ወጣ። ውጭ ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ እስካሁን አልነገረኝም።

የሒሳብ ፈተና ስልሳ ጥያቄ ነው፣ ለእያንዳንዱ አራት ምርጫ፣ መልሱን በእርሳስ ማጥቆር። አንተ ሒሳብ ላይ ስንት እንደምታመጣ መላው ዘመድ ያውቃል። እኔም ስልሳውንም ሠራሁ፣ በጥንቃቄ፣ አራቶቼን እንዳንተ እያጣመምኩ። ከዚያ ትክክለኛውን እየተውኩ ሌላውን አጠቆርኩ። ይህ እንደሚመስልህ ቀላል አይደለም። በግምት የሚሠራ ሰው እንኳ ዐሥራ አምስቱን ያገኛል፤ ዜሮ ለማምጣት ግን ሁሉንም ማወቅ አለብህ። አርባ ሦስተኛው ላይ ግራ ገባኝ። ድንገት እንዳላገኘው ብዬ ሩብ ሰዓት ሙሉ ታገልኩት። በሌሎቹም ትምህርቶች እንደዚሁ አደረግሁ፤ እንደ ሒሳቡ ግን አልተጠነቀቅሁም።

ውጤት የተለጠፈ ዕለት እማዬ አዲሱን ጫማዋን አድርጋ፣ ልብስ ሰፊዋን አስከትላ መጣች። ስምህን ከላይ ጀምራ ፈለገች። ጣቷ ወረደ፣ ወረደ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። የሒሳብ አስተማሪያችን ከጎኗ ነበሩ።

"ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ዜሮ አይቼ አላውቅም" አሏት። "ዜሮ እንዲሁ አይመጣም፣ እመቤቴ። ይህ ልጅ መልሱን ሁሉ ያውቀዋል። ሆን ብሎ ነው።"

እማዬ ዞረች። አይታኝ አታውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ አየችኝ። በጥፊ አጮለችኝና ስሜን ጠራችው። የራሴን፣ ሙሉውን፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

"አንተ ነህ!" አለችኝ። "አንተ ነህ! እሱ ይህን አያደርግም! እሱ በሕይወቱ ይህን አያደርግም!"

"አያደርግም" አልኳት። "ሞቷል።"

ጫጫታውን ሰምተው ዳይሬክተሩ ከቢሯቸው ወጡ። ወረቀቱን አዩ፣ ጉንጬን አዩ፣ ከዚያ እሷን።

"እመቤቴ፣ ይህ ልጅ ማነው?"

ስሜን ደገመችላቸው።

"የሞተውስ?"

ልጆቹ እንኳ ማንሾካሾካቸውን ተዉ። ከዚያ ስምህን ተናገረች፤ ሞቷል አለች፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች። ልብስ ሰፊዋ አቀፈቻት። ወደኔ የመጣ ሰው አልነበረም፣ ከሽቦ በቀር። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ "እንኳን ተወለድክ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። አባዬ ትምህርት ቤት ሄዶ ቃሉን ሰጠ፤ ናዳ አልወረደም። በሚመጣው ዓመት ዐሥራ አንደኛ ክፍል እገባለሁ፣ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር፣ በስሜ። እማዬ አታናግረኝም። ትናንት አባዬ በር ላይ ቆሞ "አሁን ደስ አለህ?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። እውነቴን ነው የነገርኩት።

ይቅርታ አልጠይቅህም። አንድ ነገር ግን እወቅልኝ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አላለቀስኩልህም። በስምህ እየጠሩኝ፣ ልብህን እየጠበቁልኝ፣ እንዴት ብዬ ላልቅስልህ? ሰው ለራሱ ድንኳን አይጥልም። አሁን ሞተሃል፣ እኔም ወንድም የሞተብኝ ልጅ ሆኛለሁ፤ ማልቀስ ይፈቀድልኛል።

እማዬ በወዲያኛው ክፍል እያለቀሰች ነው። እሷ ስትጨርስ እኔ እጀምራለሁ።

ታናሽ ወንድምህ