ድልድዩን ያልተሻገረው ቃል

ለክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰላም ይሁንልዎ እያልኩ፣ እኔ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ፣ አለቃዬ ሚኒስትሩ ሥራቸውን ስለለቀቁበት ምክንያት ምስጋናዬን በታላቅ ትሕትና ላቀርብ ብዕር አንስቻለሁ።

አንደኛ፣ ከወንዙ ማዶ ለድርድር የመጡት ሦስት የአማፂያን ሽማግሌዎች በሰላም እንዲሸኙ ለሚኒስትሩ በስልክ ስለፈቀዱላቸው አመሰግናለሁ። እሳቸውም አምነውዎት «በሰላም ቤታችሁ ትገባላችሁ፤ ቃሌ ነው» አሏቸው፤ እኔም ተረጎምኩ። ከሦስቱ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በእኔ ስልክ ቢደውሉላት ሚስታቸው አላምንም ብላቸው ኖሮ፣ እየሳቁ ስልኩን አቀብለውኝ «እስቲ አንተ ንገራት» ስላሉኝ፣ «እመቤቴ፣ ነገ ለምሳ ይደርሳሉ» አልኳት።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ ወታደሮችዎ ድልድዩ ላይ ጠብቀው ሦስቱንም ስለገደሏቸው፣ ከብዙ የመተርጎም ድካም አሳርፈውኛል።

ሚኒስትሩ ቢሮዎ ሲገቡ ማስታወሻ ልይዝ ተከትያቸው ነበር። «ክቡርነትዎ ፈቅደውልኝ አልነበር?» ቢሉዎት፣ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «ቃል የሰጠኸው አንተ፤ እኔ ምን አልኩ?» አሏቸው። በሃያ ዓመት ሥራዬ ለመተርጎም እንዲህ የቀለለ ንግግር ገጥሞኝ አያውቅምና፣ ለዚህ ልዩ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሚኒስትሩ እዚያው ሁለት መስመር ጽፈው፣ የመኪናቸውን ቁልፍ ጠረጴዛዎ ላይ ትተው በእግራቸው ወጡ። ደረጃው ላይ እጄን ይዘው «የተረጎምከው የእኔን ቃል ነው፤ ደማቸው በእኔ ላይ ነው» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነበር። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ ሟቾቹ የእሳቸውን ቋንቋ አያውቁም፤ የሰሙት የእኔን ድምፅ ነው።

የመምህሩ ሚስት በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትደውልልኛለች። አንዲት ቃል አትተነፍስም። ሳህን ሲቀመጥ ይሰማኛል፤ እስክትዘጋው እጠብቃለሁ። ሚስቴ «አጥፋው እንጂ፣ ልታብድ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ባለፈው እሑድ ሳትደውል ስትቀር ግን ራሴ ደወልኩ። አነሳች። እኔም ዝም አልኩ።

ለሚቀጥለው ድርድር እንዳስተረጉም ስለመረጡኝ ክብሩ በዝቶብኛል፤ ሆኖም በዚያ ቋንቋ «ቤታችሁ ትገባላችሁ» ማለት ስለተሳነኝ፣ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ።

ከወንበርዎ ግርጌ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
እስከ ትናንት ድረስ የመንግሥትዎ አንደበት የነበርኩ፣
አስተርጓሚው

ሳልረሳው፦ ሚኒስትሩ በሕመም ምክንያት እንደለቀቁ ክቡርነትዎ በሬዲዮ አስነግረዋል። አይስጉ፤ ሕመሙ ተላላፊ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጠው እርስዎን አልያዘዎትም።